የተሰፋው ደብዳቤ

ሀጃ ሀሊሜ የነራዊያን ግቢ ስትገባ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ነበር። ግቢው በዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ተጠርጓል፤ የቆቦ አቧራ እንዳይነሣም ውሃ ተረጭቶበታል። ቀሚስ የሚያቆሽሽ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው ከመንገድ ተከትሏት የገባው የራሷ ጫማ አቧራ ብቻ ነው። ግን ቆዳ የሚሰፋበት ቤት ገብቶ ቀሚስ አለመሰብሰብ ለሀጅ አብዱሰመድ ሚስት የሚመጥን አልመሰላትም። ባሏ በከተማዋ ፎቅ ከጀመሩት ነጋዴዎች አንዱ ነው። ፎቁ ሦስተኛው ላይ ከቆመ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ብረቱም ሰማይ ሰማዩን እያየ ዝጓል። የቤተሰቡ ኩራት ግን ከነጣሪያው ተጠናቋል።

ከኋላዋ መምህር ተሾመ ገቡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩን ጠብ፣ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም፣ የሚያበርዱ፣ ሁለቱም ወገን የሚያፍራቸው ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ ሳይፈልጉ የመጡ መሆናቸው ግን ከአረማመዳቸው ያስታውቃል። በመጨረሻ የሀሊሜ ልጅ ሙህዲን መጣ፤ መጥቶም በሩ ላይ ቀረ፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ።

ራዊያ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ስትጠብቀው የቆየችው ሰው ይኸው ነው። ዓይኗን ጣል አደረገችበት፤ እሱ የራሱን ዓይን መሬት ላይ ጣለ።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይበጃል።

ራዊያ በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ከክፍል መልስ ደግሞ ሳሎኑ ጥግ ካለችው ጠረጴዛዋ ተቀምጣ ቆዳ ትሰፋለች። መጀመሪያ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር፤ ስልኳ ላይ እያየች አንድ የኪስ ቦርሳ ሰፋች፤ ተበላሸባት፤ ደገመችው። ከዚያ አንዱ መምህር ቀበቶ አዘዛት፣ አንዷ የእጅ ቦርሳ፤ እያለ እያለ ከወልድያና ከአላማጣ ሳይቀር በቴሌግራም የሚያዟት ደንበኞች አፈራች። የለፋ ቆዳ ከኮምቦልቻ ታስመጣለች፤ ራሷ ትቆርጣለች፣ በወስፌ ትበሳለች፣ በሰም በታሸ ክር ትሰፋለች። አሰፋፏ አንድ ክር በሁለት መርፌ ነው፤ መርፌዎቹ ከግራና ከቀኝ መጥተው በአንዲት ቀዳዳ ይተላለፋሉ። እንዲህ የተሰፋ ነገር አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም። መጨረሻው ላይ ሦስት ስፌት ወደ ኋላ ትመለስና ክሩን ከገበሩ ሥር ትደብቀዋለች። ይህችን አጨራረስ የቀዳችው እናቷ ሣጥን ውስጥ ካገኘችው አሮጌ የቢላ አፎት ነው።

ሙህዲን የመስኖ ባለሙያ ነው። ገበሬው ማሽላዬን ከሰው ዓይን ይጠብቅልኛል ብሎ ማሳው ላይ የሰቀለውን የበሬ ራስ ቅል በገዛ እጁ እያወረደ፣ ስለ ኋላ ቀርነት አንድ ሰዓት የሚናገር የተማረ ሰው። ከሁለት ዓመት በፊት የመለኪያ ዕቃው ቦርሳ ማንገቻው ተበጥሶበት ወደ ራዊያ መጣ። ከሳምንት በኋላ ያው ማንገቻ ሌላ ቦታ ተበጠሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ በምላጭ የተቆረጠ መሆኑን አየች፤ ዓይን ለዓይን ተያዩና ምንም ሳትል ሰፋችለት። ፍቅራቸው የተጀመረው ከዚያች ዝምታ ነው። ጥሩ ሰው ነበር፤ ይስቃል፣ ያደምጣል፣ ስትሰፋ ክሩን ይይዝላታል። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት። የሰፋችለትን ቀበቶ ሁልጊዜ ይታጠቃል፤ ወደ ቤቱ ሲቃረብ ግን ሸሚዙን አውጥቶ ይሸፍነዋል። ራዊያ አይታ እንዳላየች አለፈችው። ያን ማለፏ ዛሬም ድረስ ያንገበግባታል።

ሀጃ ሀሊሜ የልጇ ወዳጅ አስተማሪ መሆኗን የሰማች ቀን ደስ ብሏት ነበር። ቆዳ እንደምትሰፋ የሰማች ቀን ግን ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ልጄን አስተምሬ ለፋቂ ልድረው ነው ወይ ማለቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ይህን ያለችው ሳሎኗ ውስጥ ካለው የቆዳ ሶፋ ላይ ተንፈላስሳ ነው። ከዱባይ የመጣ ቆዳ ከከብት ላይ አይገፈፍም፣ ማንም አይፍቀውም መሰለኝ።

ራዊያን የከበዳት ስድቡ ሳይሆን ስድቡ እውነት መሆኑ ነው። አፎቱን ያገኘች ቀን እናቷ ጌጤ ሠላሳ ዓመት የደበቀችውን ነግራታለች። የጌጤ አባት ይማም፣ ጎብዬ ገበያ ዳር የሚኖር ቆዳ ፋቂ ነበር፤ አፎት ይሰፋል፣ ክታብ በቆዳ ይለብጣል። ጌጤ አግብታ ቆቦ ስትመጣ አባቴ ገበሬ ነው ብላ መጣች፤ ባሏ እንኳ ሳያውቅ ሞተ። ራዊያ ግን እንደ እናቷ ዕድሜ ልኳን ስትሸሸግ መኖር አልፈለገችም። ሙህዲን ካገባኝ አውቆ ያግባኝ አለች።

በስልክ እንዳትጽፍለት በነሀሊሜ ቤት የልጅ ስልክም ኪስም የጋራ ነው፤ እህቱ ፈሪሀ ከሱ ቀድማ ታነበዋለች። ስለዚህ በወረቀት ጻፈችና፣ መዳፍ የምታህል የሞተር ቁልፍ መያዣ ሰፍታ ደብዳቤውን በቆዳውና በገበሩ መሀል ዘጋችበት። ሌላ ሰው ቢከፍተው በሷ ቀዳዳ መልሶ መስፋት አይሆንለትም፤ መከፈቱን ታውቃለች። ወደ ዋጃ ለሥራ ሲወጣ መንገድ ላይ ጠብቃ ሰጠችው። ብቻህን ስትሆን ስፌቱን ፍታው አለችው በዝግታ። ከኋላው ሞተሩ ላይ የተቀመጠችው ፈሪሀ ጆሮ እንዳላት ረስታ ነበር። ሙህዲን ራሱን ነቀነቀ፤ በዚያን ጊዜ ዓይኑ ውስጥ ያየችው ፍቅር ለሃያ ሦስት ቀን ስንቅ ሆናት።

ደብዳቤው መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ይህን ሰምተህ የማትፈልገኝ ከሆነ መያዣውን መልስልኝ፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም፤ አልቀየምህም። የምትፈልገኝ ከሆነ እስከ ረጀብ የመጨረሻዋ ጁምዓ ሽማግሌ ላክ።»

ጁምዓዋ ነገ ናት።

ጌጤ ወንበር አቀረበች፤ ይቀመጡ ሀጃ አለች። ሀሊሜ ወንበሩን በመሐረብ ጠርጋ ተቀመጠች፤ መሐረቡንም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አልመለሰችውም፤ መሬት ላይ ጣለችው። ከዚያ ድርብ የተቋጠረ ፌስታል አወጣች፤ በጣቷ ጫፍ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ ጠረጴዛው ላይ አራገፈችው። የወደቀው የቁልፍ መያዣው ነበር።

ራዊያ መለሰልኝ አለች በሆዷ። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል አስባበታለች፤ ሌሊት ሌሊት ለዚህች ደቂቃ ራሷን ስታዘጋጅ ከርማለች። ሆኖም የተዘጋጀችበት ሕመም ከመጣው ሕመም ጋር አይገናኝም። የሆነው ሆኖ በሕመሙ መሀል እንኳ ለሙህዲን ትንሽ ክብር ተረፈላት። አልፈለገኝም፤ ግን አንብቦ፣ አስቦ፣ በገዛ እግሩ መጥቶ መለሰ፤ ቢያንስ ሰው ነው አለች።

«ደርሶኛል» አለችው፤ ድምጿ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀች። «ስላመጣኸው አላህ ይስጥልኝ።»

ሙህዲን ግራ ገብቶት ቀና አለ።

«ምን ደርሶኛል ትላለች ይቺ» አለች ሀሊሜ። «መቀበልሽን አይደለም የፈለግነው፤ ፍችው። ያሰረችው እጅ ካልፈታችው አይለቀውም ብለውናል።»

ከዚያ ወሬው እንደ ጎርፍ ወረደ። ልጇ እህል ከተወ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ይህችን ቆዳ እያገላበጠ ሲያይ ይውላል፤ ከአላማጣ የታጨችለትን የደህና ነጋዴ ልጅ አላይም ብሏል። ይህ የሲህር፣ የድግምት ሥራ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ፈሪሀ በጆሮዋ ሰምታለች፤ ልጅቷ ስትሰጠው በቀስታ አንድ ነገር አንሾካሹካበታለች። ሀሊሜም መያዣውን ጨምቃ ውስጡ ወረቀት መኖሩን አረጋግጣ፣ አዋቂ ዘንድ ሄዳ አስጠይቃለች። በቆዳ ተሰፍቶ የተዘጋ ጽሑፍ ክታብ ነው፤ ክታብ ደግሞ ያለ ባለቤቱ እጅ አይከፈትም፤ ከተከፈተ የታሰረበትን ሰው ይዞ ይሄዳል። በቃ፤ ያ ቤት ሰው ወዶ እህል ሊተው እንደሚችል አያውቅም። ፍቅር የሚባል ነገር ከዱባይ ካልመጣ ምን እንደሆነ አይገባቸውም።

ራዊያ መያዣውን አነሣች። ዳር ዳሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ስፌቱ አንድም አልተነካ። ወደ ኋላ የተመለሱት ሦስቱ ስፌቶች እንደሰፋቻቸው አሉ። ሃያ ሦስት ቀን እህል እየተወች፣ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በር እየሮጠች መልሱን ስትጠብቅ፣ እሱ ጥያቄውን ገና አላየውም።

«ሙህዲን» አለች፤ «ለምን አልፈታኸውም?»

«እናቴ…»

«እናትህን ሰማኋት። አንተን ነው የጠየቅሁት።»

መምህር ተሾመ አንገታቸውን ደፉ። ሙህዲን ከንፈሩን ላሰ። ልፈታው ብዬ ነበር አለ፤ ሁለት ጊዜ ምላጭ አንሥቻለሁ አለ። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን እውነት ተናገረ።

«ፈራሁ ራዊያ። እኔም… ሰው እንዲህ ይወዳል ብዬ አላውቅም ነበር። እንቅልፍ የለኝ፣ ሥራ የለኝ፣ ሐሳቤ ሁሉ አንቺ ጋ ነው። አንዳንዴ ደህና ነገር አይመስለኝም። እናቴ ስትለው፣ ምናልባት እውነት ይሆን እንዴ አልኩ።»

ይህን ያለው ያ የበሬ ራስ ቅል የሚያወርደው ሰው ነው። እዚችው ሳሎን ውስጥ፣ ከዚችው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ፣ በገበሬዎቹ ፍርሃት እስኪያነባ ስቆባቸው ያውቃል። ገበሬው እንኳ የፈራው ለማሽላው ነው፤ ለልፋቱ ነው። እሱ የፈራው የምትወደውን ልጅ እጅ ነው።

ራዊያ ውስጧ አንድ ነገር ሲቀዘቅዝ ታወቃት። ፋቂ መባል አላመማትም፤ ቡዳ ቢሏትም ትስቅ ነበር። ያመማት ሌላ ነው። ይህ ሰው ወዷታል፤ ወዶም እሷን ያለ ድግምት መውደድ የሚቻል አልመሰለውም። እናቱ አፍ አውጥታ ናቀቻት፤ እሱ እያፈቀረ ናቃት። የሱ ይብሳል።

ምላጯን አነሣች። ሀሊሜ አዑዙ ቢላህ ብላ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ራዊያ ስፌቱን አንድ በአንድ ቆረጠች፤ አልቸኮለችም፤ እያንዳንዱን ክር ስትበጥስ ሙህዲንን ታየዋለች። እሱ ዓይኑን ጨፈነ። ስምንት ቦታ የታጠፈችውን ወረቀት አወጣችና ለመምህር ተሾመ ሰጠቻቸው።

«እርስዎ ያንብቡልን መምህር። የተማረው ልጅ ወረቀት ይፈራል።»

መምህር ተሾመ መነጽራቸውን አጠለቁ። እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ እንደሚያነቡት፣ ቃል በቃል አነበቡ።

«ሙህዲን፣ እናትህ ፋቂ ስትለኝ ሰምተህ ዝም ማለትህን ሰምቻለሁ። የማታውቀውን ልንገርህ። አያቴ ይማም ጎብዬ ላይ ቆዳ ፍቆ ነው እናቴን ያሳደገ። አላፍርበትም፤ የማፍረው እስከ ዛሬ ስላልነገርኩህ ነው። የወደድኩህ ማንገቻህን በምላጭ የቆረጥክ ቀን ነው። እኔን ለማየት ብሎ ዕቃውን የሚያበላሽ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር…»

መጨረሻው ላይ ሲደርሱ፣ መያዣውን መልስልኝ የሚለው ላይ፣ ድምፃቸው ወረደ። አንብበው ጨረሱና ወረቀቱን አጠፉት።

«ሀጃ፣ ድግምቱ ይኸው ነው» አሉ።

ሀሊሜ ግን ከደብዳቤው ሁሉ የሰማችው አንዲት ቃል ብቻ ነበር። ተነሥታ ቆመች፤ ጣቷን ወደ ጌጤ ቀሰረች። አላልኳችሁም ወይ አለች፤ ይኸው በእጇ ጽፋ አመነች፤ ከነዘሯ ፋቂ ናት፤ አንቺም ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ነኝ እያልሽ በሰርጋችን በለቅሷችን ከገበታችን ስትበይ ኖረሻል። ይህን ስትናገር ሻሿ ተንሸራተተ፤ አንገቷ ላይ በጥቁር ክር የተንጠለጠለች፣ በዕድሜ ብዛት የተወለወለች የቆዳ ክታብ ብቅ አለች። ባሏ ከሐጅ ከተመለሰ ወዲህ ክታብ ከቤቱ ከልክሏል፤ እሷ ግን ከልብስ ሥር አላወለቀቻትም።

ጌጤ ይቀመጡ ካለች ወዲህ ቃል አልተናገረችም ነበር። ክታቧን አየች፤ ቀረብ ብላ ደግማ አየች።

«ሀሊሜ» አለች። ሀጃውም፣ ይቀመጡውም ቀረ። «ያቺ ያንገትሽ ክታብ የማን ስፌት ናት?»

ሀሊሜ እጇ ወደ አንገቷ ሮጠ።

«አትደብቂያት፤ አውቄያታለሁ። መጨረሻዋ ላይ ሦስት ስፌት ወደ ኋላ ተመልሷል፤ በዚህ አገር እንዲያ የሚጨርስ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የጎብዬው ይማም ነው፤ አባቴ ነው።» ይህን ቃል ጮክ ብላ ስታወጣው በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። «ያኔ ክሩን በሰም የማሸው እኔ ነበርኩ። አንቺ ሕመም የማይለይሽ ልጅ ነበርሽ፤ እናትሽ አዝላሽ መጣች። ደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከቤታችን ውሃ ጠጣች። ቀሚሷን አልሰበሰበችም።»

ሀሊሜ ክታቧን ጨብጣ ቆማ ቀረች፤ ብታወልቃት ፍርሃቷ አይፈቅድ፣ ብትተዋት ኩራቷ አይፈቅድ። በመጨረሻ እንደጨበጠቻት ወጣች። መምህር ተሾመ ለጌጤ ዝቅ ብለው እጅ ነሡና ተከተሏት። ስትወጣ ቀሚሷ ግቢውን እየጠረገ ነበር፤ መሰብሰቡን ረስታዋለች።

ሙህዲን አልሄደም። ሁለተኛው እግሩም ገባ፤ ዘግይቶ ገባ። ፊቱ በእንባ ርሷል። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፤ ቀበቶው ታየ። ሁለት ዓመት ሙሉ ራዊያ ያን ለማየት ስትመኝ ኖራለች።

«ነገ ጁምዓ ነው» አለ። «ቀኑ አላለፈም። ሽማግሌ እልካለሁ፤ አባቴን ራሴ እነግረዋለሁ። ከፈለገ ከቤት ያስወጣኝ። የማንም የልጅ ልጅ ብትሆኚ ግድ የለኝም ራዊያ፣ ወላሂ ግድ የለኝም።»

ወላሂውን አመነችው። ክፋቱ እሱ ነው፤ የሚናገረው ሁሉ እውነት መሆኑን ታውቃለች። አሁን፣ ወረቀቱ ተነቦ፣ ድግምት አለመኖሩ በሽማግሌ ፊት ከተረጋገጠ በኋላ፣ ጀግና ለመሆን ዝግጁ ነው።

«ደብዳቤው ምን ይላል?» አለችው። «ካልፈለግኸኝ መልስልኝ ይላል። መልሰሃል።»

«አላነበብኩትማ ራዊያ።»

«እሱን ነው የምልህ።»

እጁን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋ፤ አፉ የተከፈተውን ባዶ መያዣ ሊወስድ። ራዊያ እጇን ጫነችበት። ለአፍታ ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ሁለቱም ያን ሙቀት ያውቁታል። ቀድማ እጇን የሰበሰበችው እሷ ናት፤ መያዣውን ይዛ። በሩን በዝግታ ዘግቶ ወጣ።

እናቷ ልታጽናናት ቃል አልፈለገችም። ጓዳ ገባችና ሣጥኑን ከፍታ የአባቷን ወስፌ ይዛ መጣች፤ እጀታዋ በሰው መዳፍ ያለቀች፣ አጭር ወስፌ። ልጇ ጠረጴዛ ላይ፣ የመጣ የሄደ ሁሉ በሚያያት ቦታ አስቀመጠቻት፤ ከዚያ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ክር በሰም ማሸት ጀመረች።

ራዊያ ከወልድያ የታዘዘ ቦርሳ ሳበችና ሁለቱን መርፌዎች አነሣች። እጇ ሥራውን ያውቃል፤ መርፌዎቹ በአንዲት ቀዳዳ እየተላለፉ ሄዱ። ናቀችው፤ ከልቧ ናቀችው፤ የሚገባውን ያህል፣ ሳይበዛም ሳያንስም። ፍርሃቱን ናቀች፣ እንባውን ናቀች፣ ዘግይቶ የታየውን ቀበቶ ናቀች። ነገሩ አልቋል ብላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በዋጃ መንገድ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ፤ እየቀረበ መጣ፤ በደጃቸው አልፎ ሄደ። የማንም መንገደኛ ሞተር ነበር። የራዊያ እጅ ግን ቆሟል፤ አንገቷም ሳታዘው ወደ በሩ ቀና ብሏል። በዚያ ቀን ከናቀችው ሁሉ አብልጣ የናቀችው ያን ቀና ያለውን የራሷን አንገት ነበር፤ ያስለቀሳትም እሱ ነው።